ስለ ሞተር ብስክሌት ካቴናና ስለ ዘይቱ፤ አጭር የታሪክ ጥናት

የሞተር ብስክሌትን ታሪክ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ ሞተሩ ነው። ጐትሊብ ዳይምለር በ1885 በእንጨት በተሠራ ብስክሌት ላይ ትንሽ የቤንዚን ሞተር እንዴት እንዳስቀመጠ፥ ከዚያም በኋላ ጕልበቱና ፍጥነቱ ከዓመት ዓመት እንዴት እየጨመረ እንደ ሄደ በየመጽሐፉ ተጽፎ ይገኛል። ሞተሩ የወለደው ኀይል በምን መንገድ ወደ ኋላው ጎማ እንደሚደርስ ግን ጥቂት መሥመር ብቻ ተሰጥቶት ይታለፋል። በዚህች ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ይህን የተዘነጋውን ክፍል፥ ማለት ካቴናውን ነው። ካቴናውንም ስንመረምር ከብረቱ ይልቅ ዘይቱን እናስቀድማለን። ምክንያታችንንም ከዚህ በታች እንገልጻለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ይገባናል። በጋራዦቻችን የሚነገረው የመኪና ቋንቋ አብዛኛው ከኢጣልያንኛ የተወሰደ ነው። ግራሶ፥ ኩሽኔታ፥ ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን እንደሚባለው ሁሉ ካቴናም ከዚያው የመጣ ቃል ነው። ፖሊስ በተያዘ ሰው እጅ ላይ የሚያገባውም በዚሁ ስም ይጠራል። ሰንሰለት የሚለው የቈየ ቃል እያለን ሠራተኛው ካቴና ማለቱን ስለ መረጠ፥ እኛም የሠራተኛውን ቃል ተከትለናል።

የካቴና አሳብ በራሱ አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው ፊሎን ዘቢዛንጥዮን ቀስትን ደጋግሞ ስለሚወረውር የጦር መሣሪያ ሲጽፍ በውስጡ ካቴና እንደ ነበረ ተናግሯል። በቻይናም በ11ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሱ ሶንግ የተባለው ሊቅ በካይፈንግ ከተማ ባሠራው ታላቅ የሰዓት ግንብ ውስጥ ኀይልን ከታች ወደ ላይ የሚያደርስ የብረት ካቴና ነበረ፤ ስሙንም «ሰማያዊ መሰላል» ብለውት ነበር። ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ በደብተሮቹ ውስጥ የዛሬውን የሚመስሉ ካቴናዎች ሥሎ ትቷል። በ1829 ደግሞ አንድሬ ጋል የተባለ ፈረንሳዊ የሜዳይ ቀራጭ ቅጠል ብረቶችን በፒን እያያያዙ የሚሠሩትን ካቴና በስሙ አስመዘገበ። ይህን ሁሉ በአጭሩ የምናልፈው ዋጋ ስለሌለው አይደለም፤ እነዚህ ካቴናዎች በዝግታ የሚዞሩ ወይም ክብደት የሚያነሡ ስለ ነበሩ ነው። ነገሩ የከበደው ካቴናው መፍጠን በጀመረበት ጊዜ ነው።

መፍጠን የጀመረውም በማንቸስተር አካባቢ በጥጥ ፋብሪካዎች ነው። በ1864 ጄምስ ስሌተር የሚባል የሳልፎርድ ሰው ለፈትልና ለሽመና መኪናዎች የሚሆን ካቴና አስመዘገበ። በስዊስ አገር በአራው ከተማ በ1852 የተወለደው ሐንስ ሬኖልድ በ1873 ወደ ማንቸስተር መጥቶ፥ በ1879 የስሌተርን ትንሽ ሥራ ቤት ገዛ። በሚቀጥለው ዓመት በ1880 ዛሬ በካቴና የሚሄዱ ሞተር ብስክሌቶች የሚጠቀሙበትን ካቴና አወጣ።

የሬኖልድ ሥራ ምን እንደ ሆነ ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የዘይቱ ጕዳይ ያለ እርሱ አይገባምና። ከእርሱ በፊት በነበረው ካቴና ፒኑ የሚሽከረከረው በቀጭን ቅጠል ብረት ቀዳዳ ውስጥ ነበር። ክብደቱ ሁሉ በቅጠሉ ውፍረት ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ፒኑም ቀዳዳውም ቶሎ ይበላ ነበር። ሬኖልድ ሁለቱን ውስጣዊ ቅጠሎች ቡሽ በሚባል ትንሽ የብረት ቱቦ አያያዛቸው፤ ፒኑም በዚያ ቱቦ ርዝመት ሁሉ ላይ እንዲያርፍ አደረገ። በቱቦው ላይ ደግሞ ሮለር የሚባል ነጻ ቀለበት አለ፤ የመንኰራኵሩን ጥርስ የሚነካው ይህ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ የካቴና መገጣጠሚያ ትንሽ ኩሽኔታ ሆነ ማለት ነው። ኩሽኔታ ደግሞ ያለ ዘይት አይኖርም። ሬኖልድ ካቴናውን በእጅጉ አሻሻለ፤ ነገር ግን በዚያው ሥራው ከመቶ የሚበልጡ ትናንሽ ኩሽኔታዎችን ለዝናብና ለአቧራ አጋልጦ ለባለቤቱ አስረከበ። የታሪክ ጸሐፊዎች የመጀመሪያውን ነገር ያወሳሉ፤ ሁለተኛውን ሲያነሡት አላየንም።

ይህ ሸክም ምን ያህል እንደ ሆነ በቍጥር እንየው። ዛሬ በብዙ ትናንሽ ሞተር ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው ካቴና ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊሜትር ማለት ግማሽ ኢንች ነው። የመገጣጠሚያው ብዛት 118፥ የኋላው መንኰራኵር ጥርስ 42 ቢሆንና ብስክሌቱ በሰዓት 60 ኪሎሜትር ቢሄድ፥ ካቴናው በአንድ ሴኮንድ ከሦስት ጊዜ በላይ ሙሉ ዙር ይዞራል። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በአንድ ዙር አራት ጊዜ ይታጠፋል ወይም ይቃናል፤ ወደ ፊተኛው መንኰራኵር ሲገባና ሲወጣ፥ ወደ ኋለኛውም ሲገባና ሲወጣ። ስሌቱን እንደሠራነው በአንድ ሰዓት ጕዞ እያንዳንዱ ፒን በቡሹ ውስጥ ከ40 ሺህ ጊዜ በላይ ይፋተጋል።

ባለ ሞተሮች «ካቴናው ተለጠጠ» ይላሉ። አነጋገሩ የተለመደ ቢሆንም ነገሩን ያሳስታል። ብረቱ እንደ ጠፍር አይለጠጥም። የሚሆነው ፒኑና ቡሹ እርስ በርሳቸው ተበላልተው በመካከላቸው ክፍተት መፈጠሩ ነው። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ የሚጨመረው ከሩብ ሚሊሜትር የማይበልጥ ነው፤ ነገር ግን ይህ በመቶ ሲባዛ ካቴናው በ25 ሚሊሜትር ይረዝማል። የረዘመ ካቴና ከመንኰራኵሩ ጥርስ ጋር አይገጥምም፤ በጥርሱ ጫፍ ላይ እየወጣ ጥርሱን እንደ መንጠቆ ያጣምመዋል፥ በመጨረሻም ይዘልላል ወይም ይበጠሳል። በጕዞ ላይ የተበጠሰ ካቴና በፊተኛው መንኰራኵር ተጠምጥሞ የሞተሩን ቤት ሊሰነጥቅ፥ ወይም የኋላውን ጎማ ድንገት አስሮ ነጂውን ሊጥል ይችላል። ጕዳዩ የጥቂት ብር ዘይት ብቻ ነው ብሎ የሚያቃልል ሰው ቢኖር ይህን እንዲያስብ እንፈልጋለን።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ካቴና በእግር ብስክሌት ላይ የገባው ሞተር ከመምጣቱ በፊት ነው። በ1879 ሎውሰን የኋላውን እግር በካቴና የሚያዞር ብስክሌት ሠራ፤ በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ ያወጣው «ሮቨር» ደግሞ የዛሬው ብስክሌት አባት ሆነ። እንግዲህ የሞተር ብስክሌት ሠሪዎች ካቴናን ወዲያው ይቀበሉታል ተብሎ ይገመት ይሆናል፤ ግን እንዲህ አልሆነም። በ1894 በሙኒክ ለገበያ የወጣው የሒልደብራንድና የቮልፍሚውለር ብስክሌት እንደ ባቡር በመገፍተሪያ ዘንግ ጎማውን በቀጥታ ያዞር ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ደግሞ የመረጡት ቺንጊያን፥ ማለት የቆዳ ጠፍርን ነው።

ቺንጊያን የመረጡት ካለማወቅ አይደለም። የዚያ ዘመን ሞተር ባለ አንድ ሲሊንደር ስለ ነበረ ምቱ ይነዝር ነበር፤ ቺንጊያ ነዝሩን ያለዝባል፥ ድምፅ የለውም፥ ዘይትም አይሻም። የነጂውን ሱሪ አያቈሽሽም የሚለውም ምክንያት ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ዝናብ ሲዘንብ ይንሸራተታል፥ ዳገት ላይ ይከዳል። በእንግሊዝ አገር ፊለንና ሙር የተባሉት፥ በአሜሪካም ከ1901 ጀምሮ «ኢንድያን» የሚባለውን የሠሩት ሔንዲና ሔድስትሮም ከመነሻው ካቴናን መርጠው ነበር፤ ለጊዜው ግን ቍጥራቸው ጥቂት ነበረ።

ክርክሩ በአደባባይ የተፈረደው በ1911 ነው። በዚያ ዓመት የማን ደሴት ታላቅ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በተራራው መንገድ ላይ ተደረገ። የአንዱ ዙር ርዝመት 60 ኪሎሜትር ያህል ሲሆን መንገዱ በስኔፌል ተራራ ትከሻ ላይ ይወጣል። በካቴና የሚዞሩትና ባለ ሁለት ማርሽ የሆኑት «ኢንድያን» ብስክሌቶች በትልቁ ክፍል አንደኛ፥ ሁለተኛና ሦስተኛ ሆኑ። ድሉ የማርሹም ነው ቢባል እንስማማለን፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ ቺንጊያ ለዳገት ይበቃል ብሎ የሚከራከር ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ያም ሆኖ ልማድ ቶሎ አይለቅም። ትራያምፍ ለመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወደ 30 ሺህ ያህል ያቀረበው «ሞዴል ኤች» ከሞተር እስከ ማርሽ ካቴና፥ ከማርሽ እስከ ኋላ ጎማ ግን ቺንጊያ ነበረው። ይኸው ፋብሪካ እስከ መጨረሻው በካቴና የሚሄድ ብስክሌት ያወጣው በ1920 ነው።

ካቴናው ቺንጊያውን ድል ካደረገ በኋላ የቀረው ጥያቄ የዘይቱ ነበር። ከመለሱት አንዱ ደግሞ የሞተር ሰው አልነበረም። በወልቨርሃምፕተን ከተማ ጆን ማርስተን የሚባል ብረትን በጥቍር ቀለም እየቀባ የሚያሳምር ባለ እጅ ነበረ። «ሰንቢም» የሚባሉ የእግር ብስክሌቶችን ሲሠራ፥ ካቴናውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍንና በውስጡ ጥቂት ዘይት የሚያጠራቅም የብረት ሣጥን አደረገላቸው፤ ስሙንም «ትንሹ የዘይት ገንዳ» አለው። በ1912 ሞተር ብስክሌት መሥራት ሲጀምርም ይህንኑ አሳብ ይዞ መጣ። ካቴናው ከዘይት ጋር በሣጥን ውስጥ ተዘግቶ ሲሄድ አቧራ አይገባበትም፥ ጭቃ አይነካውም፥ ዘይቱም አይረጭም። ስለዚህ በ1912 የካቴና ዘይት ጥያቄ መልስ አግኝቶ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ይህ መልስ ለምን በሁሉ አልጸናም? በእኛ አስተያየት የጥናቱ ዋና ነጥብ ይህ ነው። አንዳንዶች ሣጥኑ ከባድ ስለ ነበረ ነው ይላሉ። ክብደቱ እውነት ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ሣጥን ዋጋ ይጨምራል፤ ጎማ ሲፈነዳ አውልቆ መግጠምን ያስቸግራል፤ ከሁሉ በላይ ግን ወጣት ገዢዎች የሩጫ ብስክሌት የሚመስል ነገር መፈለጋቸው ነው። የሩጫ ብስክሌት ካቴናው የተገለጠ ነው፤ በአንድ ውድድር የሚያልቅ ካቴና በሚቀጥለው ይለወጣልና። ገዢው የሩጫውን መልክ ገዛ፤ የሩጫውን ሜካኒክ ግን አብሮ አላገኘም።

ከዚህም የተነሣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከልና ከዚያም በኋላ ሥራው ለባለቤቱ እጅ ቀረ። የዚያ ዘመን መመሪያዎች የሚያዙት ሥርዓት እንዲህ ነበር፦ ካቴናው ይወልቅ፤ በነጭ ጋዝ ታጥቦ ይድረቅ፤ ከዚያ በኋላ ግራፋይት ከተቀላቀለበት ግራሶ ጋር በጣሳ ውስጥ በቀስታ ይሙቅ። ግራሶው ሲቀልጥ ወደ ቡሾቹ ውስጥ ይሰርጋል፥ ሲቀዘቅዝም በዚያው ይረጋል። ቀደም ሲል በግራሶው ፈንታ የከብት ሞራ ይጠቀሙ ነበር። ሥርዓቱ አድካሚ ነው፤ እናቶችም ምድጃቸውን ለዚህ ሥራ በደስታ ይሰጡ ነበር ብለን አንገምትም። ነገር ግን ዘይት የሚያስፈልገው የት እንደ ሆነ በትክክል ያወቀ ሥርዓት ነው። አንዳንድ ሠሪዎች ደግሞ ከሞተሩ መተንፈሻ የሚወጣውን የዘይት ጭጋግ በቱቦ ወደ ኋላው ካቴና እንዲረጭ አደረጉ። በዚህ ዘዴ ካቴናው ዘይት የሚያገኘው ሞተሩ በሚሰጠው መጠን እንጂ ካቴናው በሚፈልገው መጠን አልነበረም።

የማርስተን አሳብ ግን ፈጽሞ አልሞተም። ሆንዳ በ1958 ያወጣው «ሱፐር ካብ» ካቴናው በሣጥን የተሸፈነ ነው። ይህ ብስክሌት የተሠራው ለሯጭ ሳይሆን ለሱቅ ተላላኪ፥ ለገበሬና ለፖስተኛ ነበር። እስከ 2017 ድረስ ቍጥሩ ከ100 ሚልዮን በላይ ደርሷል። በምሥራቅ ጀርመን በቾፓው ከተማ ይሠሩ የነበሩት «ኤም ዜድ» ብስክሌቶችም ካቴናቸው በጎማ ቱቦ ውስጥ ይሄድ ነበር። እንግዲህ ሣጥኑ የቀረው ለመልክ በሚገዛው ዘንድ ነው፤ እንጀራውን በሞተር ብስክሌት ለሚያገኘው ሰው ሲሠራ ግን ተመልሶ መጥቷል።

የመጨረሻው ለውጥ የመጣው ከጃፓን ነው። ሆንዳ በ1969 ለገበያ ያቀረበው ባለ አራት ሲሊንደር «ሲ ቢ 750» ጕልበቱ 67 የፈረስ ጕልበት ነበር። ይህን ያህል ኀይል በተገለጠ ካቴና ላይ መጫን ቀላል ስላልሆነ፥ ከሞተሩ ዘይት ጥቂት ጥቂት በፊተኛው መንኰራኵር ዘንግ በኩል እየወጣ ካቴናውን እንዲያርሰው አደረጉ። ያም ሆኖ ካቴናው ቶሎ ያልቅ ነበር፤ አንዳንዱም ተበጥሶ የሞተሩን ቤት ሰነጠቀ። በ1970ዎቹ ሌላ ዘዴ ተገኘ። በውስጣዊውና በውጭያዊው ቅጠል መካከል ትንሽ የጎማ ቀለበት አስገቡ፤ በፋብሪካ የተሞላው ግራሶ በፒንና በቡሽ መካከል ታሽጎ ይቀራል። ይህ ቀለበት ሬኖልድ በ1880 ገልጦ የተዋቸውን ኩሽኔታዎች እያንዳንዳቸውን ዘጋቸው። ማርስተን ካቴናውን በሙሉ በአንድ ሣጥን ሲዘጋ፥ ጃፓኖች ለእያንዳንዱ መገጣጠሚያ የየራሱን ሣጥን ሰጡት ማለት ነው። ቀድሞ ጥቂት ሺህ ኪሎሜትር ብቻ ይሄድ የነበረው የትልልቅ ሞተሮች ካቴና ከዚህ በኋላ 20 ሺህና ከዚያም በላይ ለመሄድ የበቃው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። የብረቱ ጥራት ድርሻ የለውም አንልም፤ ነገር ግን ያው ጥሩ ብረት ቀለበቱ ሲደርቅና ሲቀደድ በአጭር ጊዜ ያልቃል፤ ይህም አሳባችንን ይደግፋል።

ካቴናን ጨርሰው የሸሹም አሉ። ቤ ኤም ቬ በ1923 «አር 32» በተባለው የመጀመሪያ ሞተር ብስክሌቱ የብረት ዘንግን መረጠ። ሃርሊ ዴቪድሰን ደግሞ በ1980 ጥርስ ያለው ጠንካራ ቺንጊያ ይዞ ወጣ። የቀድሞው ቺንጊያ በሰባ ዓመቱ በሌላ መልክ መመለሱ ለታሪክ ተማሪ የሚያስደስት ነገር ነው። ሁለቱም ግን ውድ ስለ ሆኑ ለብዙው ዓለም የቀረው ካቴናው ነው።

አሁን በአገራችንም በየጊዜው ወደሚነሣ ክርክር እንመጣለን። አቧራ በበዛበት መንገድ ካቴናን ዘይት መቀባት አቧራን መሰብሰብ ነው፤ ደረቅ ቢተው ይሻላል የሚሉ ሰዎች አሉ። ከአሳባቸው ግማሹ እውነት ነው። በካቴናው ውጭ ላይ የተለደፈ ወፍራም ግራሶ አቧራውን ይዞ እንደ ሞረድ ይሆናል። ነገር ግን ዘይቱ የሚፈለገው በውጭ አይደለም፤ በፒኑና በቡሹ መካከል ነው። ስለዚህ መድኀኒቱ ደረቅ መተው ሳይሆን ቀጠን ያለ ዘይት ወደ ውስጥ አስገብቶ የውጭውን በጨርቅ መጥረግ ነው። ይህም የሚሆነው ከጕዞ በኋላ ካቴናው ገና ሲሞቅ ነው፤ ሙቀቱ ዘይቱን ያቀጥነዋልና። ዘይቱ የሚንጠባጠበው በታችኛው ክፍል በውስጥ ፊት፥ በቅጠሎቹ መጋጠሚያ ላይ ነው፤ ካቴናው ሲዞር ዘይቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚወረወር በውጭ ፊት የተቀባው አየር ላይ ይበተናል። ሌሊቱን አድሮ ጧት መንዳት፥ ቀብቶ ወዲያው ከመንዳት ይሻላል። ለዚህ ሥራ የማርሽ ዘይት ይበቃል።

በብዙ ቦታ የተለመደው ግን ከሞተር የተቀዳውን የተቃጠለ ዘይት መቀባት ነው። ምክንያቱ ይገባናል፤ ዘይቱ በነጻ ይገኛል፥ የነጂውም የቀን ገቢ የተወሰነ ነው። ደረቅ ከመተውም ይሻላል። ነገር ግን የተቃጠለ ዘይት ከሞተሩ የተፋቀ የብረት ብናኝና አሲድ የተቀላቀለበት ነው፤ ለመከላከል የፈለግነውን መፋቅ ራሳችን ወደ ቡሹ እናስገባለን። በአንድ ካቴና ዕድሜ ውስጥ የሚያስፈልገው አዲስ የማርሽ ዘይት ጥቂት ሊትር እንኳ አይሞላም፤ ካቴናውና ሁለቱ መንኰራኵሮች ግን አብረው ነው የሚለወጡት።

ባለ ጎማ ቀለበት ካቴና የገዛ ሰውም ሥራው አላለቀም። በውስጡ ግራሶ ቢኖርም ሮለሩና ጥርሱ በውጭ ናቸው፤ ቀለበቱም ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቀለል ያለ ዘይት ያስፈልገዋል። ማጠቢያውም ነጭ ጋዝ ነው፤ ቤንዚንና የሽቦ ብሩሽ ቀለበቱን ያበላሻሉ።

ካቴናው ማለቁን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ሜትር ብቻ ነው። ባለ 12.7 ሚሊሜትሩ ካቴና ተወጥሮ ከአንድ ፒን መካከል ተነሥቶ ሃያ መገጣጠሚያ ሲቈጠር አዲሱ 254 ሚሊሜትር ይሆናል። ከመቶ ሁለት እጅ የሚለው የቈየ ልክ 259 ላይ ይደርሳል። ባለ ጎማ ቀለበቱ ሲሆን ከዚህም ቀደም ብሎ ቢለወጥ ይመረጣል። ልኬቱም በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በሦስት ወይም በአራት ቦታ ይደረግ፤ ካቴና እኩል አያልቅምና። ሜትር ያልያዘ ሰው በኋለኛው መንኰራኵር ጀርባ ካቴናውን በጣቱ ወደ ኋላ ይሳበው፤ የጥርሱ ግማሽ ከተገለጠ ጊዜው አልፏል።